ለዝንጉርጉሩ መኒ ፕላንቴ ማዳበሪያ ስሰጥ፦ ከነሐሴ እስከ ግንቦት የያዝኩት ማስታወሻ

ነሐሴ አጋማሽ

ዝናቡ ዛሬም አላባራም። ሳሎን ከመጋረጃው ብረት ጫፍ ላይ የሰቀልኩት መኒ ፕላንት ቆሟል። አልጠወለገም፣ አልታመመም፣ ቆሟል ብቻ። ከሰኔ ወዲህ ያወጣቸው ቅጠሎች ጥቂት ናቸው፤ እነሱም ትንንሽ። በአንጓና በአንጓ መሀል ያለው ግንድ ቀጥኖ ረዝሟል፤ ብርሃን ፍለጋ ነው። ዓይነቱ ማርብል ኩዊን የሚባለው ነው፣ ነጩና አረንጓዴው ቅጠሉ ላይ ተረጫጭቶ የሚታይበት። ሐረጉ ወርዶ ወርዶ ሶፋው ጀርባ ደርሷል።

ማስታወሻ መያዝ ያስጀመረኝ ማዳበሪያ ነው። እህቴ ከቨርጂኒያ ስትመጣ ለቤት ውስጥ ተክል የሚሆን ፈሳሽ ማዳበሪያ አመጣችልኝ። ጠርሙሱ ጀርባ ላይ ያለው መመሪያ ከማርች እስከ ሴፕቴምበር በየሁለት ሳምንቱ ስጡ፣ ከዚያ አቁሙ የሚል ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልሰው ከየካቲት መጨረሻ እስከ መስከረም መሆኑ ነው። እንዳለ ብከተለው ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ሰማዩ ተደፍኖ ተክሉ ምንም በማይሠራበት ጊዜ አበላዋለሁ። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ደግሞ፣ ፀሐይ ወለል ብላ በምትወጣበት ጊዜ፣ ጦሙን አሳድረዋለሁ።

መመሪያው ለእነሱ ልክ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ታኅሣሥ ላይ የቀኑ ብርሃን 10 ሰዓት አይሞላም፣ ሰኔ ላይ ወደ 15 ይጠጋል። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ነው የምትርቀው፤ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ነው። እዚህ ለሳሎን ተክል ወቅቱን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ደመናና የሌሊት ብርድ። ስለዚህ አሁን ምንም አልሰጥም። ጠርሙሱ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ።

አንድ ነገር ላይ ግን እንስማማ። ማዳበሪያ ምግብ አይደለም። ተክል ምግቡን የሚሠራው ራሱ ነው፣ ከብርሃን፣ ከውሃና ከአየር። ማዳበሪያ እንደ ወጥ ጨው ነው፤ ወጡ ካልተሠራ ጨው ብቻውን ምን ይሆናል? የኔው ተክል ደግሞ ግማሽ ቅጠሉ ነጭ ነው፤ ነጩ ክፍል ውስጥ ክሎሮፊል ስለሌለ ምግብ አይሠራም፣ አረንጓዴው የሠራውን ይካፈላል እንጂ። ስለዚህ ሙሉ አረንጓዴ ከሆነው ዘመዱ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፣ የሚፈልገውም ማዳበሪያ ያነሰ ነው።

ነሐሴ መጨረሻ

ስለ ማዳበሪያ ከማሰቤ በፊት አፈሩን ማየት ነበረብኝ። ከነበረበት ዕቃ ገልብጬ አወጣሁት። ቀይ አፈር ነው፤ አበባ ሻጮች የሚሞሉት ብዙ ጊዜ እሱን ነው። የደጋው ቀይ አፈር ለእርሻ ክፉ አይደለም፣ ትንሽ ዕቃ ውስጥ ሲገባ ግን ይጠቀጠቅና አየር ያሳጣል። ሌላም ጠባይ አለው፤ ፎስፈረስን አጥብቆ ይይዝና ለሥር ቶሎ አይለቅም።

ሥሮቹ ዳር ዳሩን ተጠምጥመዋል። መሀሉ ድፍን ጭቃ ነው፣ አንድም ሥር አልገባበትም። ማለትም እስከ ዛሬ ያ ሁሉ አፈር ተሸክሞት እንጂ ተጠቅሞበት አይደለም። ዳር ያሉት ግን ነጭና ጠንካራ ናቸው፣ አይሸቱም። ደህና ነው።

አዲሱ ድብልቅ፦ አንድ እጅ የጫካ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ብስባሽ፣ አንድ እጅ ሬድ አሽ (ለግንባታ የሚውለው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር)። ሬድ አሹን ሰፈራችን ሕንጻ የሚሠሩት ልጆች በፌስታል ሰጡኝ። በወንፊት ነፍቼ ብናኙን ጣልኩ፣ አተር የሚያህለውን አስቀረሁ፣ ውሃው እስኪጠራ አጠብኩት። ውጭ አገር ያሉት ፐርላይት የሚጨምሩበትን ሥራ ይሠራል፤ ውሃ ያሳልፋል፣ ለሥሩ አየር ይተዋል። ዋጋውም ያው ምስጋና ነው።

ከረጅሙ ሐረግ ላይም ቁርጥራጭ አወጣሁ፣ እያንዳንዱ ላይ ቢያንስ አንድ አንጓ እንዲኖር አድርጌ፣ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ከተትኳቸው። ስቆርጥ ጓንት አደርጋለሁ። ጭማቂው ውስጥ በዓይን የማይታዩ የካልሲየም ኦግዛሌት መርፌዎች አሉ፤ ቆዳ ያሳክካሉ፣ ልጅ ወይም ድመት ቅጠሉን ካኘከ ደግሞ አፍና ጉሮሮ ያቃጥላሉ። ልጅ ያለበት ቤት ከፍ አድርጎ መስቀል ነው።

ብስባሹ የራሱ ማዳበሪያ አለው። ሥሩም ገና ከመነካካት አላገገመም። ስለዚህ አሁንም ውሃ ብቻ።

ጳጉሜን

የእርሻ ግብዓት መሸጫ ገባሁ። ልጁ መጀመሪያ የጠየቀኝ "ስንት ሄክታር ነው?" ብሎ ነው። አንድ ማሰሮ ነው ስለው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

የእህቴ ጠርሙስ ትንሽ ስለሆነ ሌላ አማራጭ ልፈልግ ነው የሄድኩት። ያሉት እነዚህ ናቸው። ዩሪያ፦ 46 በመቶ ናይትሮጅን፣ ሌላ ምንም። ኤንፒኤስ፦ 19 ናይትሮጅን፣ 38 ፎስፌት፣ 7 ሰልፈር። ፖታሲየም የለውም፤ የተሰናዳው ለጤፍና ለስንዴ እርሻ ነው፣ ፍሬውም ውሃ ውስጥ ቶሎ አይሟሟም። ሦስተኛው የአበባና የአትክልት አምራቾች የሚጠቀሙበት 20-20-20 የሚባለው የሚሟሟ ዱቄት ነው፤ ናይትሮጅን፣ ፎስፌትና ፖታሽ እኩል፣ ብዙዎቹ ላይ ብረት፣ ዚንክ፣ ማንጋኒዝ የመሳሰሉትም በጥቂቱ ይጨመራሉ። እሱን አንድ ኪሎ ገዛሁ። ለሳሎን ተክል ፎስፌቱ ከሚገባው በላይ ነው፤ ቅጠል ለምንፈልግበት ተክል 3-1-2 ዓይነት ምጣኔ ይሻል ነበር። ግን ያገኘሁት ይሄ ነው፣ በቀጭኑ ከተሰጠ ችግር የለውም።

ደረጃው ላይ ጎረቤቴን እማማን አገኘኋቸው። ፌስታሉን አዩት።

"ልጄ፣ ለዚህች ብለሽ ብር አወጣሽ? ወንድሜ ከጎጃም ያመጣልኝ ዩሪያ ሞልቶ የለ እንዴ?"

"እማማ፣ እሱ ለኔዋ ይበዛባታል።"

"ለጤፍ ያልበዛ ለአበባ ይበዛል?"

መልስ አልነበረኝም፣ ቤት ገብቼ ግን አሰላሁት። ለጤፍ ለረጅም ጊዜ ሲመከር የኖረው በሄክታር 100 ኪሎ ዩሪያ ነው። ሄክታር 10 ሺህ ካሬ ሜትር ነው፤ ስለዚህ በካሬ ሜትር 10 ግራም ይደርሳል። የኔ ማሰሮ አፉ 15 ሳንቲ ሜትር ነው። ለእሱ የሚደርሰው 0.2 ግራም እንኳ አይሞላም፤ ጥቂት ፍሬ ማለት ነው፣ ያውም ለሙሉ የሰብል ወቅት። እማማ በሦስት ጣታቸው ቆንጥረው የሚበትኑት የዚህ ብዙ እጥፍ ነው። ማሳ ላይ ቢበዛም ሥሩ ወደ ጥልቅ ይሸሻል፣ ዝናቡም ያጥበዋል። ማሰሮ ውስጥ መሸሻ የለም።

መስከረም፣ ከመስቀል በኋላ

ሰማዩ ተከፈተ። ጠዋት ጠዋት በምሥራቁ መስኮት ፀሐይ እስከ ሶፋው ድረስ ትገባለች። ብርጭቆ ውስጥ የነበሩት ቁርጥራጮች ሥር አውጥተዋል፤ በሦስት ትንንሽ ዕቃ ተከልኳቸው። ሁሉም ከአንድ እናት፣ አንድ ዓይነት አፈር፣ አንድ መስኮት። አንደኛው ውሃ ብቻ ይጠጣል። ሁለተኛው 20-20-20 በቀጭኑ። ሦስተኛው የቡና አተላ ያገኛል፣ ሰው ሁሉ የሚመክረው እሱን ስለሆነ ልየው ብዬ። ትልቁ እናት ተክል ዱቄቱን ያገኛል።

አሁን የልኬቱ ነገር። ወርቅ ቤት ያለ ዓይነት ሚዛን የለኝም፣ ግማሽ ግራም በዓይን መገመትም አይቻልም። ስለዚህ በሁለት ደረጃ አቀጥነዋለሁ። አንድ የሻይ ማንኪያ ልሙጥ ዱቄት ወደ 5 ግራም ይመጣል። እሱን በአንድ ሊትር ውሃ አሟሟለሁ፤ ይሄ እናት ውህዱ ነው፣ ለተክል እንዳለ አይሰጥም። ከዚያ ከእናት ውህዱ 100 ሚሊ ሊትር ቀድቼ ውሃ እየጨመርኩ አንድ ሊትር አደርሰዋለሁ። ይሄ በሊትር ግማሽ ግራም ማዳበሪያ አለው። ከግማሽ ግራም 20 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ 100 ሚሊ ግራም በሊትር። ለእናት ተክሉ ይበቃል። ለትንንሾቹ ደግሞ እሱኑ በእኩል ውሃ እቆርጠዋለሁ፣ 50 ላይ ይወርዳል።

የሌላ ማዳበሪያ ጠርሙስ ያላችሁም ስሌቱ ያው ነው፤ መጀመሪያ ላይ የተጻፈውን ቁጥር በ10 አባዙ፣ በሊትር በምትጨምሩት ግራም አባዙ፣ ናይትሮጅኑ በሚሊ ግራም ይወጣል።

እናት ውህዱን የያዝኩት በሃይላንድ ነው። የመጠጥ ውሃ ዕቃ ስለሆነ ያስፈራል፣ ስለዚህ በወፍራም ማርከር "መርዝ" ብዬ ጻፍኩበት፣ ክዳኑን በፕላስተር አሰርኩት፣ ከኩሽና አውጥቼ በረንዳ ላይ ካለው የመሣሪያ ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ዱቄቱ ሰማያዊ ቀለም ስላለው ውሃ ነው ብሎ የሚሳሳት ያለ አይመስለኝም፤ ግን ልጅ ያለበት ቤት በመሰለኝ አይተዳደርም።

አሰጣጡ፦ መጀመሪያ ንጹህ ውሃ አጠጥቼ አፈሩን አርሳለሁ፣ ትንሽ ቆይቼ የማዳበሪያውን ውሃ ከሥር ባለው ቀዳዳ እስኪወርድ ድረስ አፈሳለሁ። ደረቅ አፈር ላይ ከሆነ ጨዉ ሥሩን ቀጥታ ያገኘዋል። ሳህኑ ላይ የወረደውን እደፋለሁ፤ ተመልሶ እንዲመጠጥ አይተውም።

ጥቅምት

ይኼ ወር ጥሩ ነው። ቀኑ ብሩህ፣ ሌሊቱ ገና ያልከበደ።

እናት ተክሉ በሁለት ጫፍ እየገፋ ነው። አዲሱ ቅጠል ከቀድሞው ቅጠል አንገት ሥር ካለው ሽፋን ውስጥ ተጠቅልሎ ብቅ ይላል፣ ቀጭን፣ ጫፉ ሹል። በማግስቱ ጠጋ ብዬ ሳየው ከአንድ ጎኑ መፈታት ጀምሯል፤ ውስጡ ገና እርጥብ ይመስላል፣ ያብረቀርቃል። ነጭ የሚሆነው ክፍል መጀመሪያ ቢጫ ቢጤ ነው፤ ሙሉ ለሙሉ ተዘርግቶ ጥቂት ከቆየ በኋላ ነው የሚጠራው። በጣት ባትነኩት ይሻላል፣ በዚህ ጊዜ የተነካ ቅጠል እድሜ ልኩን ጠባሳ ይዞ ሊቀር ይችላል። ውሃ ባጠጣሁ ማግስት ጠዋት የቅጠሎቹ ጫፍ ላይ ጠብታ ተንጠልጥሎ ይገኛል። በሽታ አይደለም፣ ሥሩ ሌሊት የሳበውን ትርፍ ውሃ ቅጠሉ እያስወጣ ነው።

የቡና አተላው ዕቃ ላይ ግን ሌላ ሕይወት ተጀምሯል። አፈሩ ላይ ነጭ ሻጋታ፣ ከዚያ ጥቁር ደቃቃ ዝንቦች። ስነካው ብር ብለው ይነሳሉ። የአተላ ናይትሮጅን ከክብደቱ 2 በመቶ ገደማ ነው፣ እሱም ገና ያልበሰበሰ ስለሆነ ሥር አያገኘውም። እንዲያውም የሚያበሰብሱት ተሕዋስያን ለራሳቸው ናይትሮጅን ከአፈሩ ይወስዳሉ። የቡና አተላ ቦታው የብስባሽ ጉድጓድ ነው፣ እዚያ ግሩም ነው፤ ሳሎን ላለ ማሰሮ ግን ለዝንብ ድግስ መደገስ ነው። የላይኛውን አፈር ጠርጌ ጣልኩ፣ በሬድ አሽ ሸፈንኩት፣ ቢጫ የፕላስቲክ ቁራጭ ላይ ቫዝሊን ቀብቼ አጠገቡ ተከልኩ። ዝንቦቹ ቢጫ ይወዳሉ፣ ሄደው ይለጠፋሉ። ከዚህ ወዲያ ይሄኛውም ውሃ ብቻ ነው የሚጠጣው።

ኅዳር

ሌሊቱ ከበደ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ማሞቂያ የለም፤ የመስኮቱ ብርጭቆ ጠዋት ሲነካ ይቀዘቅዛል። ይሄ ተክል የመጣው በፈረንሳይ ፖሊኔዥያ ካለችው ሞኦሬያ ከምትባል ደሴት ነው። እዚያ ዓመቱን ሙሉ ሙቀት ነው፣ ዛፍ ላይ እየወጣ ቅጠሉ ከሰው ደረት ይሰፋል። 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ፣ የአዲስ አበባ የኅዳር ሌሊት ምኑም አይደለም።

ግራ የሚያጋባው ቀኑ ብሩህ መሆኑ ነው። ብርሃን አለ፣ ግን ሥሩ ቀዝቅዟል፤ የቀዘቀዘ ሥር በደንብ አይስብም። በተጨማሪ 20-20-20 ውስጥ ያለው ናይትሮጅን አብዛኛው ዩሪያ ነው። ዩሪያ ለተክሉ የሚመች እስኪሆን አፈር ውስጥ ያሉ ተሕዋስያን መለወጥ አለባቸው፣ እነሱም በብርድ ይለግማሉ። ስለዚህ መጠኑን በግማሽ ቀነስኩ፣ ጊዜውንም አራራቅሁት። ሙሉ ለሙሉ አላቆምኩም፣ አሁንም አዲስ ቅጠል እያወጣ ነውና። ደንቡ ለኔ ይኸው ሆኗል፦ ጫፉ እየተንቀሳቀሰ ከሆነ ይበላል፣ ጫፉ ከቆመ ምግቡም ይቆማል። ካሌንደር ማየት ትቻለሁ።

ማሰሮውን ከመስኮቱ ብርጭቆ አራቅሁት፣ ማጠጫውንም ከጠዋት ወደ ረፋድ አዞርኩት። ውሃውም ሮቶ ውስጥ ያደረ በረዶ ውሃ እንዳይሆን ቀደም ብዬ ቤት አስገብቼ አሳድረዋለሁ።

እህቴ በስልክ "እኔ ከጥቅምት ጀምሮ ጠርሙሱን አልነካሁትም፣ እዚህ ከምሳ በኋላ ይጨልማል" አለችኝ። የሷ ተክል ሲያርፍ የኔ ይበላል፣ የሷ ሲበላ የኔ ያርፋል።

ታኅሣሥ

የሸክላው ማሰሮ ጠርዝ ላይ ነጭ ነገር ወጥቷል። በጥፍሬ ፋቅሁት፣ ዱቄት ሆኖ ተነሳ። ቀምሼው አላውቅም፣ አልቀምሰውም፣ ግን ጨው ነው። ከማዳበሪያውም ከውሃውም የመጣ። የኛ ሰፈር ውሃ ከጉድጓድ ሲሆን ጀበናውም ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይተዋል፣ ለማሰሮው ያዝናል? ሸክላ ጨዉን በግድግዳው አሳልፎ ያሳያል፤ ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ግን ተደብቆ ይጠራቀማል።

መድኃኒቱ ማጠብ ነው። የማሰሮውን ይዘት አራት አምስት እጥፍ የሚያህል ንጹህ ውሃ ቀስ እያሉ ማፍሰስና በቀዳዳው እንዲወርድ ማድረግ። እሺ፣ ግን ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ጀሪካን አስልፎ ያንን ሁሉ ውሃ በአንድ ማሰሮ ላይ ማፍሰስ ኅሊና ይቆረቁራል። ስለዚህ የፈረቃውን ቀን ጠብቄ፣ ማሰሮውን መታጠቢያ ቤት ወስጄ ባልዲ ላይ አስቀምጬ አጠብኩት፣ ባልዲው ውስጥ የወረደውን ለሽንት ቤት ተጠቀምኩበት። አንድ ጠብታ አልባከነም። ክረምት ላይ የዝናብ ውሃ መያዝ የሚቻል ሰው ለዚህ ሥራ ቢያስቀምጥ ጥሩ ነው፣ የዝናብ ውሃ ጨው የለውም ማለት ይቻላል።

የውሃ ብቻ ዕቃው ላይ ነጩ ቅርፊት የለም ማለት ይቻላል። የዱቄቱ ላይ በስሱ አለ።

ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ

ነጩ ክፍል ላይ ቡናማ ነገር ታየ። ይሄን ያየ ሰው ሁሉ "ማዳበሪያ አቃጠለው" ይላል፤ ሊሆን ይችላል፣ ግን ቦታውን ማየት ያስፈልጋል። ጨው ሲበዛ ቡናማው የሚጀምረው ከጫፍና ከጠርዝ ነው፣ በብዙ ቅጠል ላይ፣ በሁሉም አቅጣጫ። የኔዎቹ ግን ሁለት ቅጠሎች ናቸው፤ ሁለቱም ወደ መስኮቱ የዞሩ፣ ጉዳቱም የቅጠሉ መሀል ላይ ያለ ደረቅ ጠጋ ነው። ፀሐይ ነው። የበጋው አየር ደረቅ ነው፣ በዚህ ከፍታ ላይ ፀሐይዋ ትፋጃለች፣ ነጩ ክፍል ደግሞ ከአረንጓዴው ቀድሞ ይጎዳል። ስስ መጋረጃ ጣልኩበት። ማዳበሪያውን አልነካሁትም።

የማዕድን እጥረትም በዚህ ተክል ላይ ለማንበብ ያስቸግራል፤ ቅጠሉ ከተፈጥሮው የተረጫጨ ነውና። እኔ የማየው አረንጓዴውን ክፍል ብቻ ነው። ናይትሮጅን ሲያንስ አሮጌዎቹ ቅጠሎች ቀድመው ይገረጣሉ፣ ተክሉ ከአሮጌው ነቅሎ ለአዲሱ ስለሚልክ። ብረት ሲያንስ ግን አዲሶቹ ይገረጣሉ፣ ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ መሀሉ ቢጫ ይሆናል። የውሃ ብቻ ዕቃው ላይ ታችኛው ቅጠል አረንጓዴው መደብዘዝ ጀምሯል። አፈሩ ውስጥ የነበረው ብስባሽ እየተሟጠጠ ይመስላል።

የካቲት

ከእናት ተክሉ አንዱ ሐረግ ሙሉ አረንጓዴ ቅጠል ማውጣት ጀመረ። አንድ፣ ከዚያ ሌላ፣ ሁሉም ከነጮቹ የሚበልጡ። ያምራሉ። ግን መቆረጥ አለባቸው።

ነጩ የሚመጣው ከማዳበሪያ አይደለም። እድገቱ በሚጀምርበት ጫፍ ላይ ክሎሮፊል መሥራት የሚችሉና የማይችሉ ሕዋሳት ጎን ለጎን አሉ፤ ቅጠሉ ላይ የምናየው የእነሱ አሰላለፍ ነው። አንድ ሐረግ ጫፉ ላይ አረንጓዴዎቹ ብቻ ከቀሩ ከዚያ በኋላ የሚያወጣው አረንጓዴ ነው። ምግብ በደንብ ስለሚሠራም ከሌላው ፈጥኖ ያድጋል፣ ቀስ በቀስ ማሰሮውን ይወርሰዋል። "ነጩን የሚያበዛ ማዳበሪያ" እያሉ የሚሸጡም አሉ። እንዲህ ያለ ማዳበሪያ የለም። ብርሃን ሲያንስና ናይትሮጅን ሲበዛ አረንጓዴው ክፍል ይጠቁራል፣ ሐረጉም ይረዝማል፤ ብርሃን ሲስተካከል ነጩ ጎልቶ ይታያል። ከዚህ የዘለለ ነገር ማዳበሪያ ማድረግ አይችልም። የቀረው የመቀስ ሥራ ነው።

ወደ ኋላ እየተከተልኩ፣ ነጩና አረንጓዴው በደንብ የተቀላቀለበት የመጨረሻ ቅጠል ጋ ደርሼ፣ ከእሱ አንጓ ትንሽ አለፍ ብዬ ቆረጥኩ። አዲሱ እንቡጥ ከዚያ አንጓ ይመጣል። የቆረጥኩትን አልጣልኩትም፣ ውሃ ውስጥ ገብቷል። ሙሉ ነጭ የሚያወጣ ሐረግ ቢኖር እሱንም እቆርጠው ነበር፤ መልኩ ልብ ይሰርቃል እንጂ ራሱን መቀለብ አይችልም።

መጋቢት መጨረሻ

ሙቀቱ መጣ፣ በልግም አልፎ አልፎ እየዘነበ ነው። ከዓመቱ ሁሉ ይሄ ነው የመኒ ፕላንት ወቅት፣ ብርሃንም ሙቀትም በአንድ ላይ። መጠኑን ወደ ሙሉው መለስኩ፣ እሱም በሊትር ግማሽ ግራም ነው፣ ከዚያ አላለፍኩም።

ሦስቱን ትንንሽ ዕቃዎች ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ አየኋቸው። ውሃ ብቻ የጠጣው ሕይወት አለው፣ ቅጠሉ ግን ትንሽ ነው፣ አረንጓዴውም ደብዛዛ። ዱቄቱን ያገኘው ቅጠሉ ሰፍቷል፣ አንጓዎቹ ተቀራርበዋል፣ ነጩ ጥርት ያለ ነው። የአተላው ከውሃ ብቻው እምብዛም አይለይም፤ ዝንቦቹ ሄደዋል። ልዩነቱ ግን ሰው እንደሚያወራው የሰማይና የምድር አይደለም። እውነቱን ለመናገር የሁሉንም መልክ ይበልጥ የቀየረው ሬድ አሹና መስኮቱ ነው፤ ማዳበሪያው ያመጣው ከዚያ የተረፈውን ነው። በማዳበሪያ የሚጀምር ሰው ከመጨረሻው ነው የጀመረው።

እማማ ቤት ደግሞ ሌላ ነገር አለ። እሳቸው ጋ ያለው ከኔው እናት ተክል የተወሰደ ነው፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ሰጥቻቸው። የሚበላው ዩሪያ ነው፣ የቆመው ኮሪደሩ ላይ ነው፣ ብርሃኑ ደካማ ነው። በስሌቴ መሠረት እስካሁን መቃጠል ነበረበት። አልተቃጠለም። ዕቃው ሰፊ የቀለም ባልዲ ነው፣ ሥሩ በደንብ የተበሳ፣ እሳቸውም ውሃ ሲያጠጡ አይሰስቱም፣ ጨዉ ይታጠባል። ሐረጉ ደረጃውን ተከትሎ ሦስተኛ ፎቅ ደርሷል። ግን አረንጓዴ ነው፤ ነጩ እዚህም እዚያም ጭረት ብቻ ሆኖ ቀርቷል።

"አየሽ?" አሉኝ እየሳቁ።

"አየሁ እማማ። ግን ነጩ የት ሄደ?"

"ነጭ ምን ያደርግልኛል? ለምለም ሲሆን አይደል ደስ የሚለው!"

እሳቸው የሚፈልጉት ያገኙትን ነው። ምንም የሚስተካከል ነገር የለውም።

ግንቦት

እናት ተክሉ እንደገና ሶፋው ጀርባ ደርሷል፣ አሁን ግን ከላይ እስከ ታች ቅጠል የለበሰ ሆኖ። የተቆረጡት ቦታዎች ላይ ሁለት ሁለት አዲስ ጫፍ ወጥቷል። ማሰሮውን አንድ ጊዜ ደግሜ አጠብኩ፣ ቅጠሎቹን በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩ፤ የበጋው አቧራ ራሱ ብርሃን ይከለክላል።

ቀጣዩ ይሄ ነው። ሰኔ ሲገባና ደመናው ሲደፍን መጀመሪያ መጠኑን በግማሽ እቀንሳለሁ፣ ጫፎቹ ሲቆሙ ደግሞ ሙሉ ለሙሉ አቆማለሁ። ውሃውም ይቀንሳል፣ አፈሩ በጣት ሲነካ ወደ ውስጥ ድረስ ካልደረቀ አላጠጣም፤ በክረምት መኒ ፕላንትን የሚገድለው ረሃብ ሳይሆን የረጋ ውሃ ነው። የተረፈውን እናት ውህድ በጣም አቅጥኜ በረንዳ ላይ ላለው ጤና አዳምና ለሮዝመሪው እሰጣለሁ፣ ዱቄቱን ግን አየር እንዳይገባው በፌስታል ጠቅልዬ አስቀምጣለሁ፣ እርጥበት ካገኘው ይደነድናል። የየካቲቱ አረንጓዴ ቁራጭ ሥር አውጥቷል። እሱን ለእማማ ነው የማወርደው፤ ባልዲ አዘጋጅተዋል።